ስልክ በስሙ ሲጠራ

ሰዋስው ያስተማሩን መምህር የተጸውዖ ስምን ከወል ስም የሚለዩበት ቀላል መፈተኛ ነበራቸው። ስሙን አብዛው፤ ካልበዛልህ የተጸውዖ ነው። «ከተማ» ይበዛል፣ «ከሚሴ» አይበዛም። «ወንዝ» ይበዛል፣ «ቦርከና» ግን አንድ ነው። ሕጉ ክፍል ውስጥ ሲያዩት እንከን የለውም። ችግሩ የሚመጣው ገበያ ሲወጡ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ አንባቢ ከሚሴን ያውቃታል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በአንድ ሱቅ በራፍ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀባበሉ ዋጋ ይጨርሳሉ። እዚያ ሰው ከባጃጅ ወርዶ ሃይላንድ ይገዛል። ሁለቱም የነጋዴ ስሞች ነበሩ። አሁን ግን «ባጃጆች» እንላለን፤ «ሃይላንዱን አቀብለኝ» እንላለን፤ ውሃው የሌላ ፋብሪካ ቢሆንም የሚከራከር የለም። ጋዜጠኝነት ስንማር በዜና ውስጥ የምርት ስም እንዳንጠራ ተነግሮን ነበር። ያን የነገሩን ሰው አንድ ቀን ከሚሴ ገበያ ቢውሉ ምን ብለው እንደሚጽፉ ማየት ደስ ባለኝ።

ስልክም ከዚህ አላመለጠም። ከሚሴ የሚኖሩት አክስቴ በእጃቸው ያለውን ባለቁልፍ ስልክ «ኖኪያዬ» ነው የሚሉት። ስልኩ ቴክኖ ነው፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ቴክኖ ነው» አልኋቸው።

«አዎ ልጄ፣ ቴክኖ የሚሉት ኖኪያ ነው» አሉኝ።

መምህራችን ቢሰሙ ሙሉ ማርክ ይሰጡ ነበር፤ ቴክኖ የተጸውዖ፣ ኖኪያ የወል። ኖኪያ በፊንላንድ ያለች ከተማ ናት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 በወረቀት ሥራ የተነሣው ኩባንያ ስሙን የወሰደው ከእርሷ ነው። በ2006 ዓ.ም. ኩባንያው የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ሸጠ። የአክስቴ ኖኪያ ግን በሽያጩ ውስጥ አልተካተተም።

መንገዱ በተቃራኒውም ይሄዳል። «ቴሌ» በግሪክኛ ሩቅ ማለት ነው፤ እኛ አገር የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ሆነ። ብቻውን ሳለ ለነገሩ ሁሉ መጠሪያ ነበር፤ የሚለይበት ሌላ አልነበረምና። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ቴሌ እንደገና የተጸውዖ ስም ሆነ፤ «በቴሌ ልደውልልህ ወይስ በሳፋሪኮም?» ማለት መጣ። ይኸኛው ስምም ቢሆን የወል ቃል ነበር። «ሳፋሪ» በስዋሂሊ ጉዞ ነው፤ ሥሩ ዓረብኛ ነውና ቁርኣን ቤት የገባ የከሚሴ ልጅ ትርጉሙን አያጣውም።

«ስልክ» ራሱስ? እርሱም ከዓረብኛ ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ለሚያየው ሰው በእርግጥም ሽቦ ነበር። ኦሮምኛው ግን ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን አመነ፤ «ቢልቢላ» ደወልም ነው፣ ስልክም ነው። አማርኛ ስሙን ከሽቦው፣ ግሡን ከደወሉ ወሰደና «ስልክ ደወለ» አለ። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ሲገባ ሽቦው ቀረ። እኔ ለኦሮምኛው አደላለሁ። ሽቦ ተዘርግቶም ዝም ሊል ይችላል፤ ደወል ከተሰማ ግን ወዲያ ማዶ ሰው አለ።

ይህን ያሰብሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ የአክስቴ ስልክ ጠፋ። አዲስ አበባ ያለን ዘመዶች ከወር በላይ ስንደውል ከረምን፤ የምትመልስልን ያቺ ድምፅዋ የተቀዳው ሴት ብቻ ነበረች። በእነዚያ ሳምንታት «ስልክ ሠራ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ጥያቄው «ከሚሴ ገባ?» ነበር። «ኮምቦልቻ ለአንድ ሰው ገባለት አሉ፤ ከሚሴ ገና ነው።» ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ባቲ ይጠራል፣ ግን አይነሣም» ስትል ሰማሁ። ባቲ ከተማ ናት፤ ሰኞ ሰኞ የምትገበያይ። ሴትዮዋ ግን ስለ ገበያ አልነበረም የምታወራው። ያ የማይበዛው፣ አንድ ብቻ የሆነው የአገር ስም ለስልክ መጠሪያ ሆኖ ነበር፤ ከአንድ ወገን ኖኪያ፣ ከሌላ ወገን ከሚሴ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማታ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አክስቴ ናቸው። ሰላምታው ረዘመ። ደኅና ያሉትን አንድ በአንድ በየስማቸው ጠሩልኝ። አንዱን ስም ሳይጠሩ አለፉት፤ እኔም በስልክ አልጠየቅሁም።

«የማን ስልክ ነው፣ እትዬ?»

«የጎረቤት ኖኪያ ነው» አሉ።

ቁጥሩን «ከሚሴ» ብዬ መዘገብሁት።