በውጫሌ መንገድ ዳር፦ የቀለም ፋቂዋ ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን ካለፈ በኋላ የአምባሰልን ተራሮች እያየ ውጫሌ ይገባል። ከተማዪቱ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ዋናው የአስፋልት መንገድ መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ከባዱ የጭነት መኪና፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ በግ እየነዳ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት መንገድ ላይ ይጋፋሉ። ከሚጋፋው መካከል የሚጋጭ አይጠፋምና የተጣመመ የሚያቃና፣ የተላጠ የሚቀባ ባለሙያም በየመንገዱ ዳር አለ።

ውጫሌ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ግን በትምህርት ቤት የተማርነው ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያው ተወካይ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው ይህ ውል በ17ኛው አንቀጹ ምክንያት ፈርሷል። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አማካይነት ሊገለገሉ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ጠቡ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተወሰነ። በ1928 ዓ.ም. ተመልሰው የመጡት ጣሊያኖች ደግሞ በአምስት ዓመት ቆይታቸው መንገድ ሠሩ፤ ከመንገዱም ጋር የሙያ ቃላቸውን ትተው ሄዱ። ዛሬ በየጋራዡ ላሜራና ስቱኮ የሚባለው ሁሉ የእነርሱ ቋንቋ ነው። ውሉ ተቀደደ፤ ስቱኮው ግን ቀረ።

ለዚህ ጽሑፍ ያቆመን በከተማዋ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ አንድ አነስተኛ ግቢ ነው። ከፊት ለፊት መኪና ይቀባል፤ ከበስተጀርባ የባለሙያው ቤተሰብ ይኖራል። በመካከሉ አጥር የለም። አንዲት ወጣት ሴት የሚኒባስ በር በሁለት ጉቶ ላይ አጋድማ፣ ከአጠገቧ የውኃ ባልዲ አስቀምጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት ትፋቃለች። ሙያውን ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። አሠሪዋን ጋሼ፣ ባለቤቱን እትዬ ትላቸዋለች።

«አትጫኚው ልጄ» ይላታል ባለሙያው። «ወረቀቱ ይቁረጥ እንጂ ክንድሽ አይቁረጥ።»

እርሷም «እሺ ጋሼ» ብላ እጇን ታቀላለች።

ሥራው ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ወረቀቱ ለውኃ ተብሎ የተሠራው ዐይነት መሆን አለበት፤ ተራው በውኃ ይፈርሳል። አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እስኪለሰልስ ይቆያል። በባዶ ጣት ተይዞ ከተፋቀበት የጣቱን ቅርጽ እንደ ትልም ያወጣልና በላስቲክ ወይም በለስላሳ እንጨት ላይ ይጠቀለላል። ጥቂት ጠብታ ሳሙና በባልዲው ውኃ ውስጥ ሲጨመር ወረቀቱ ሳይያዝ ይሄዳል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ባለ 600 ወይም ባለ 800 ቁጥር ይበቃል። ቀለሙ ከተቀባና በሚገባ ከደረቀ በኋላ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሸከረውን ገጽ ለማስተካከል 1500፣ ከዚያም 2000 ይከተላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ወረቀት በተለወጠ ቁጥር ውኃውም መለወጥ አለበት፤ የፊተኛው አሸዋ ከቀረ የኋለኛውን ሥራ ይቧጭራልና።

ልጅቱ ትኩረቷን ሁሉ የጣለችው በሚወርደው ውኃ ላይ ነበር። ከላይ ያለው መስተዋት መሰል ቀለም ሲፋቅ ውኃው እንደ ወተት ይነጣል። የበሩ ሰማያዊ ቀለም ከውኃው ጋር መውረድ ከጀመረ ግን ከላይኛው ሽፋን አልፋ ገብታለች ማለት ነው። ያ ሽፋን ከአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። በተለይ በጠርዝና በእጥፋት ላይ ቶሎ ያልቃል። ሙያውን ከእርሷ በዕድሜ የሚበልጡ ወንዶች እንኳ ለመልመድ የሚቸገሩበት ይህ ዐይን ነው፤ እርሷ ግን ዐይኑ አላት።

በውኃ የመፋቁ ነገር ለውበት ብቻ የመጣ አይደለም። ለውኃ የሚሆነውን የመጀመሪያውን ወረቀት አሜሪካዊው ፍራንሲስ ኦኪ የፈለሰፈው ሲሆን፣ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1921 ለገበያ አቅርቦታል። በመኪና ፋብሪካዎች ዘንድ ከተወደደበት ምክንያት አንዱ በሠራተኛው ሳንባ ይገባ የነበረውን አቧራ መቀነሱ ነው። (ይህንኑ ወረቀት ለቀለም ቤቶች ያመላልስ የነበረው የኩባንያው ሠራተኛ ሪቻርድ ድሩ፣ ሁለት ዐይነት ቀለም ሲቀባ የሚደርሰውን ችግር አይቶ እ.ኤ.አ. በ1925 የቀለም መከለያውን የወረቀት ፕላስተር እንደ ፈጠረ ይነገራል።)

እንግዲህ አቧራው በአየር ላይ ካልበረረ የት ሄደ? ጭቃ ሆኗል። በውጫሌው ግቢ ጭቃው ከበሩ ላይ ወርዶ፣ በልጅቱ ጉልበትና ጫማ ላይ ተለጥፎ፣ የተረፈው በቦይ አድርጎ ዶሮዎች ወደሚጭሩበትና ሕፃን ወደሚድህበት ስፍራ ይፈስሳል። ሲደርቅ ተመልሶ አቧራ ይሆናል።

በዚህ ጭቃ ውስጥ ያለው ነገር እንደ መኪናው ዕድሜና ቀለም ይለያያል። በአሮጌ መኪኖች በተለይም በቢጫና በብርቱካንማ ቀለማቸው እርሳስ አለ፤ በአንዳንድ የዝገት መከላከያ ቀለም ውስጥም ክሮሚየም ይገኛል። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከደንቡ በፊት የተቀቡት መኪኖች ግን ዛሬም በዚህ መንገድ ይመላለሳሉ፤ ሲጋጩም ይፋቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በጅማ ከተማ የጋራዥ ሠራተኞች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሌሎች ነዋሪዎች በግልጽ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ፣ ሕፃናት ከዐዋቂዎች ይልቅ አራትና አምስት እጥፍ ያህል ወደ ሰውነታቸው ሊያስገቡት እንደሚችሉ ያስረዳል። በእናት አጥንት ውስጥ የተከማቸውም በእርግዝና ጊዜ ወደ ደሟ ተመልሶ ጽንሱን ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እትዬ የምትባለው የቤቱ እመቤት ቡና እያፈላች ይህን ስንነጋገር ሰማችን። የባሏን የሥራ ልብስ የምታጥበው እርሷ ናት። መጀመሪያ ታራግፈዋለች፤ ከዚያ ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ትዘፈዝፈዋለች። ሳፋው አንዳንድ ቀን ለሊጥም ያገለግላል።

«አየ ጉድ!» አለች፤ «እኔ የምፈራው ሽታውን ነበር።»

ሽታው የቲነር ነው፤ እርሱም በራሱ ክፉ ነው። እርሳስ ግን አይሸትም። ወደ አፍ የሚገባውም ይበልጡን በእጅ ነው። አባት ከሥራ ተነሥቶ እጁን በውኃ ብቻ ለቅለቅ አድርጎ ከመሶቡ ይቀርባል፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ለትንሿ ልጁ ያጎርሳል። ከጥፍሩ ሥር ያለውን የሚያየው የለም። እጅ በሳሙናና በጥፍር መፈተጊያ መታጠብ ያለበት ከማዕድ በፊት ነው፤ በቤንዚን ወይም በቲነር መታጠብማ ቆዳን አልፎ የሚገባ ሌላ መርዝ መጨመር ነው።

የሥራ ልብስና ጫማ በግቢው ደጃፍ ቢለወጥ፣ ልብሱ ሳይራገፍ ለብቻው በተለየ ሳፋ ቢታጠብ፣ ብዙ ወጪ የለውም። የፋቂዋም ውኃ በቦይ ከሚለቀቅ በሌላ ባልዲ ተጠራቅሞ ቢያድር ዝቃጩ ከታች ይቀራል። ዝቃጩ ደርቆ ሳይበን፣ ክዳን ባለው ጣሳ ተዘግቶ ከልጆችና ከእርሻ ውኃ ይራቅ። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ከሚጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ ይሻላል። እትዬ የሊጡን ሳፋ ወዲያው አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባችው።

አንድ ነገር ግን በውኃ አይፋቅም። ስቱኮ ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውም ውኃ ከሥር ላሜራውን ያዝገዋል። ስለዚህ እርሱ በደረቁ ይፋቃል፤ ያን ጊዜ አፍንጫ ላይ የሚታሠር ነጠላ ወይም ተራ ጨርቅ ደቃቁን አቧራ አይመልስምና ፊት ላይ የሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ጭምብል ያስፈልጋል። ውኃ ባለበት መሬት ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ መዘርጋትም በደጃፉ ያየነው አደጋ ነበር፤ ባለሙያው ሲነገረው ገመዱን ወዲያው ሰብስቦ በሚስማር ሰቀለው።

በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የቀለም ማጠንከሪያ ጣሳዎች ሁሉ ጽሑፋቸው የባዕድ ነው። ልጅቱ አንዱን አንሥታ «ይኼ ምን ይላል?» ስትል ጠየቀችን። በመተንፈስ ወደ ውስጥ ከገባ አለርጂ፣ አስም ወይም የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ይችላል ይላል። ባለሙያው ጣሳውን ተቀብሎ ገለባብጦ አየው። ዘመኑን ሁሉ የሚያውቀው በክዳኑ ቀለም ነበር። ልጅቱ ብሩሿን ነከረችና የነገርናትን ቃል በቃል በአማርኛ ከመደርደሪያው በላይ በቆርቆሮው ላይ ጻፈች፤ «አስም» ስትደርስ ቆም ብላ በየትኛው «አ» እንደሚጻፍ ጠየቀች።