የእህታችን ደብተር፦ የስደት ገንዘብ በማን እጅ ነው ያለው?



ይህን የምንጽፈው ሦስት ወንድምና እህት ሆነን ነው። የምንጽፈው ስለ ራሳችን ጥፋት ስለሆነ መጀመሪያ ትልቋን እህታችንን አስፈቅደናል። «ጻፉት፣ ግን እንዳታሳምሩት» አለችን።

እህታችን ከድሬዳዋ ተነስታ ሪያድ የገባችው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሥራዋ የሰው ቤት ነበር። በ2006 ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከሰፈራችን ልጆችም ያልተከፈለ ደሞዛቸውን ጥለው፣ በለበሱት ልብስ ብቻ የመጡ ነበሩ። እሷ ኢቃማ ስለነበራት ተረፈች። ያን ጊዜ ግን ደነገጠች፤ «እኔ ዘንድ ብር አይቀመጥም፣ የማገኘውን ሁሉ ለእናንተ እልካለሁ» ብላ ወሰነች። ስትደውል የምትለው ነገር አንድ ነበር፦ «ግማሹ ለእማ፣ ግማሹን አስቀምጡልኝ»።

እኛም እሺ እንላለን። ገንዘቡ የሚገባው በትልቁ ወንድማችን አካውንት ነው። ያው አንድ ቤት አይደለን!

በነሐሴ 2016 ለመኖር ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ ሻንጣዋን ከፍታ አንድ ደብተር አወጣች። የላከችው ሁሉ በሂጅራ ወር ተጽፏል፤ ረመዳን ይህን ያህል፣ ሸዋል ይህን ያህል፣ ሙሐረም አልተከፈለኝም። ድምሩ 94,600 ሪያል ነበር። በየጊዜው በነበረው ምንዛሪ ሲሰላ ወደ 700 ሺህ ብር ይጠጋል። የእኛ አካውንት ላይ የነበረው 61 ሺህ ብር ነው።

አልሰረቅንም። ለራሳችን ያልነው ይህንኑ ነው። የእናታችን የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ የቤቱ ጣሪያ ተቀይሯል፣ ትንሿ ተምራበታለች። ግን ደግሞ በ130 ሺህ ብር ባጃጅ ተገዝቷል፣ 85 ሺህ ብር ለሠርግ ወጥቷል። ባጃጁ ሲገዛ «ሥራ ይሠራና ይመለስላታል» ተባብለን ነበር። ለእሷ ግን አልነገርናትም። ባጃጁን በፎቶ ስታየው «ማሻ አላህ፣ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችን፤ እኛም ወሬ ቀየርን።

ደብተሩን ከዘጋች በኋላ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ነው፦ «የዚህን ብር ዘካ ማን ሲያወጣ ነበር?»

ማናችንም አልመለስንም። ኒሷብ የሞላ ገንዘብ ዓመት ሲዞርበት ዘካው በባለቤቱ ላይ ነው። ባለቤቷ ሪያድ ሆና «ተቀምጦልኛል» ብላ ታስባለች፣ እዚህ ግን የተቀመጠ ነገር የለም። እዳ ሆኗል። እዳ መሆኑን ደግሞ ያወቅነው እኛ ብቻ ነን።

የዙበይር ኢብኑል ዐዋምን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፤ በሰሒሕ አል‑ቡኻሪ ተዘግቧል። ሰዎች ገንዘብ አስቀምጥልን ብለው ሲያመጡለት በአማና አልቀበልም፣ ብድር አድርጉት ይላቸው ነበር፤ እንዳይጠፋባቸው ስለሚፈራ። አማና ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጠፋ ባለቤቱ ይከስራል፣ ብድር ግን ምንም ቢሆን ይከፈላል። ሲሞት ልጁ ዐብደላህ ቢቆጥረው እዳው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ሆነ። መሬቱን ሸጦ ከፈለ፤ ከዚያም ለአራት ዓመት በየሐጁ «ዙበይር ላይ እዳ ያለው ይምጣ» እያለ ሲያስጠራ ቆየ፤ ውርሱን ሙሉ በሙሉ ያከፋፈለው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ተገላቢጦሹን ሠራን። በአማና ተቀብለን እንደ ራሳችን ገንዘብ በላነው፣ ለእዳውም ወረቀት አላበጀንለትም።

ከዚያ ሌላው ራስ ምታት መጣ፦ ስንት ነው ያለብን? እህታችን የተመለሰችው ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ነው። እሷ በሄደችበት ጊዜ 10 ሺህ ሪያል ወደ 46 ሺህ ብር ነበር። ስትመለስ በዚያው 46 ሺህ ብር 2 ሺህ ሪያል እንኳን አይገኝም። ሪያሉ ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሮ ባለበት ቆሟል፤ የወረደው ብራችን ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ሳንነካ አስቀምጠንላት ቢሆን እንኳን ድካሟ አብዛኛው በኖ ነበር። ይህን ስናስበው ትንሽ እፎይ አልን፤ ወዲያው ደግሞ በእፎይታችን አፈርን።

ጉዳዩን ለአንድ ኡስታዝ አቀረብን። የተቀበላችሁት ብር ከሆነ እዳችሁም ብር ነው፣ ቁጥሩ በቁጥሩ ይመለሳል አሉን። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ በገንዘብ የተያዘ እዳ በዋጋው ሳይሆን በልኩ ይከፈላል ብሎ ወስኗል፤ እዳን ከዋጋ ንረት ጋር አስሮ መጨመር የሪባ በር ይከፍታል። ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ተበድረው ከወሰዱት የተሻለ እንደመለሱም አስታወሱን። አስቀድሞ ቃል ያልተገባበት፣ ከተበዳሪው በፈቃዱ የሚመጣ ጭማሪ ጥሩ አከፋፈል ነው። ወላሁ አዕለም።

እህታችን የሰጠችው ፍርድ አጭር ነበር፦ «ለእማ፣ ለጣሪያውና ለትምህርቱ የወጣውን ሐላል ብያችኋለሁ። የባጃጁንና የሠርጉን ግን ጻፉት»። 215 ሺህ ብር ተጻፈ፣ ሁለት ምስክር ፈረመበት። የአል‑በቀራ 282ኛዋ አንቀጽ፣ የቁርኣን ረጅሟ አያ፣ ስለ እዳ መጻፍ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ቤተሰብ ውስጥ ግን መጻፍ ያሳፍረናል፤ አለመተማመን ይመስለናል።

አሁን ታናሽ ወንድማችን ዱባይ ሊሄድ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆያል። ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሳሳንም እሱ ነው። ዝግጅቱን ይዛ የምትመራው እህታችን ናት፤ ሻንጣውን ትታ ስለ ገንዘቡ ነው የምታስበው።

መጀመሪያ በራሱ ስም ከወለድ ነፃ አካውንት ከፈተ። እሷ ስትሄድ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን አልነበረም፤ ዘምዘም ሥራ የጀመረው በ2013 ነው፣ ሂጅራም ተከተለ። ዛሬ ምክንያት የለንም። የወዲዓ አካውንት ለማስቀመጥ ብቻ ነው፣ ሙዳረባ ደግሞ ትርፍና ኪሳራ አለው፤ ልዩነቱን ባንኩን ጠይቆ መፈረም ነው። ውጭ ለሚኖር ሰው በውጭ ምንዛሪ የሚያዝ የዲያስፖራ አካውንትም ባንኮች ይከፍታሉ። የእህታችን ገንዘብ በብር ምን እንደሆነ ካየን በኋላ እሱ የሚያተርፈውን ወደዚያ ሊያስገባ ወስኗል።

ሁለተኛው ሲም ካርድ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን የቤት ውስጥ አማና ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ልጅ አካውንቱን በስሙ ከፍቶ ሲያበቃ ስልኩን ለወንድሙ ትቶ ይሄዳል። የባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያ ስልክ ነው፤ ስለዚህ ሲሙን የያዘው ገንዘቡን ይዟል ማለት ነው። የእኛ ልጅ ሲሙን ይዞት ይሄዳል፣ ቁጥሩ እንዳይዘጋም አልፎ አልፎ ካርድ ይሞላበታል። የምስጢር ቁጥሩን ለእኛም አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቅም። እዚህ የሚፈጸም ጉዳይ ካለው ጠቅላላ ውክልና አይሰጥም፤ ለዚያው ጉዳይ ብቻ ልዩ ውክልና በቆንስላ በኩል ይልካል።

ከዚያ የዱባዩ ካርድ። ደሞዝ የሚገባበት ካርድና የብድር ካርድ ይለያያሉ። ሥራ እንደጀመረ የብድር ካርድ ውሰድ የሚለው ሻጭ አይጠፋም። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ውሉ የዘገየ ክፍያን በወለድ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ሰውየው በጊዜው እከፍላለሁ ብሎ ቢያስብ እንኳን እንዲህ ያለ ካርድ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ካለህ ገንዘብ የሚቆርጥ ካርድ ይበቃል። ካርዱ ላይ የወሩን ወጪ ብቻ ይተዋል፣ ሌላው በሌላ አካውንት ይቀመጣል። ካርድ ቢጠፋ የሚደወልበትን የባንኩን ስልክ በወረቀት ጽፎ ሻንጣው ውስጥ ያኖራል፤ ስልኩ ከካርዱ ጋር አብሮ ሊሰረቅ ይችላልና። ኢቃማው ወይም መታወቂያው ከማለቁ በፊትም ማሳደስ አለበት፤ ሲያልቅ ባንኩ አካውንቱን ሊያግደው ይችላል፣ ሥራ ተቋርጦ አገር የሚለቁትን ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው ይህ ነው።

ስለ ጥቁር ገበያውም እንናገር። እንደ ድሬ ባለ የንግድ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ደርሶ ነበርና፣ በዚያ የላከውን ሰው ዛሬ ቆመን ልንፈርድበት አንችልም። ግን ሕገ ወጥ ነው፣ ሰውየው ስልኩን ሲያጠፋ ደግሞ ደረሰኝ ይዘህ የምትሄድበት የለም። አሁን የባንኩ ምንዛሪ ከቀድሞው ተሻሽሏል፤ ልጁ በባንክ ይልካል።

እንደ እሷም አዲስ ደብተር ገዛንለት። በሁለት ዓምድ ተሰምሯል፦ «ስጦታ» እና «አማና»። ገንዘብ በላከ ቁጥር የትኛው እንደሆነ በድምፅ መልእክት ይነግረናል፣ እኛም ጽፈን ገጹን በፎቶ እንመልስለታለን። እህታችን መስመሩን በማስመሪያ ስታሰምር አጠገቧ ተቀምጠን ነበር። «የእኔም እንዲህ ቢሆን ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

የባጃጁና የሠርጉን እዳ በየወሩ 6 ሺህ ብር እንከፍላለን። ባጃጁ አርጅቷል፣ ግን ይሠራል። እስካሁን 11 ጊዜ ከፍለናል፤ 149 ሺህ ይቀራል። ሲያልቅ ምን እንደምንጨምርላት ሦስታችን ተነጋግረናል፣ ለእሷ ግን አልነገርናትም፤ ይህንንም ጽሑፍ ሳይለጠፍ ካላነበበችው።