ሁለቱን «በ» ቀለም ለያቸው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ይህን ስታነቢ ደባርቅ ገብተሻል ማለት ነውና እንኳን በሰላም ደረስሽ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ጎረቤቱ እናትሽ የሚበቃሽን ያህል መክራሻለች፤ ጋቢውን ሻንጣሽ ውስጥ የከተተችውም እሷ ናት። ለእኔ የቀረልኝ የሙያው ምክር ነው። መምህርነትን ሁሉ ልዘረዝርልሽ አልችልም፤ አንድ ርዕስ ብቻ ልያዝ፦ አንዳንድ ፊደላቸው የሚደጋገም ቃላት በስንት መንገድ እንደሚደረደሩ መቁጠር።

ፐርሙቴሽን ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ በቀመሩ አትጀምሪ። ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ «ለምን እናካፍላለን?» ስትዪው ግን ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ይልቅ አበበ የሚለውን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፊ። አንድ አ፣ ሁለት በ። አንደኛውን በ በነጭ ጠመኔ፣ ሁለተኛውን በቀይ ጻፊው። አሁን ሦስቱም ይለያያሉ፤ 3 × 2 × 1፣ ስድስት አደራደር ይወጣል። ስድስቱንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ወጥተው ይጻፉ። ከዚያ ቀዩን ሁሉ አጥፊና በነጭ ተኪው። አበበ ሁለት ጊዜ፣ በአበ ሁለት ጊዜ፣ በበአ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያዩታል። ስድስት ያልነው ሦስት ነበር። የምናካፍለው አንዱን ነገር ደጋግመን ስለቆጠርን ነው፤ ማካፈያውም የደገምንበት ብዛት ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ቀመሩን ሳትነግሪው ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። አበበ መልካም መነሻ ነው፤ መጥፎ መድረሻ ነው። ምክንያቱም ስህተትን ይደብቃል። ሁለት በ ስላለ በ2 ያካፈለውም፣ በ2 ፋክቶሪያል (2!) ያካፈለውም ያው ሦስት ያገኛል። አንቺም ሁለቱንም «ጎበዝ» ብለሽ ታልፊያለሽ። ሰበሰበ የሚለውንም ተመልከቺ። ሁለት ሰ፣ ሁለት በ። ትክክለኛው መንገድ 24ን ለ2! × 2! ማካፈል ነው፤ ስድስት። ፋክቶሪያሉን ረስቶ በ2 × 2 ያካፈለውም፣ ማባዛቱን ረስቶ 2! + 2! ብሎ የደመረውም ማካፈያው አራት ስለሚሆን ስድስት ያገኛል። ሦስት ዓይነት አስተሳሰብ፣ አንድ መልስ! ቀይ እስክሪብቶሽ ምንም አይነግርሽም።

ስለዚህ ሦስተኛው ምሳሌሽ ስህተትን የሚያጋልጥ ይሁን። በላቲን ፊደል የተጻፈው ባናና ለዚህ ወደር የለውም፦ አንድ ቢ፣ ሦስት ኤ፣ ሁለት ኤን። የስድስት ፊደል አደራደር 720 ነው። ፋክቶሪያሉን ረስቶ በ3 × 2 ያካፈለ 120 ይልሻል፤ የደመረ፣ ማለትም በ6 + 2 ያካፈለ፣ 90 ይልሻል፤ የገባው 60። ደብተሩን ሳትገልጪ ከመልሱ ብቻ ማን የት እንደሳተ ታውቂያለሽ። ለምን ይባዛል ላለሽ ደግሞ ሦስቱ ኤ ቦታ ለሚለዋወጡባቸው ስድስት መንገዶች ለእያንዳንዳቸው ሁለቱ ኤን ሁለት ሁለት መንገድ እንዳላቸው አሳዪው፤ አንዱ ቃል 12 ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ይህን ጥበብ ከእኔ በፊት የያዙት አሉ። ህንዳዊው ባስካራ እ.ኤ.አ. በ1150 በጻፈው ሊላቫቲ በተባለው መጽሐፉ ስለ ተደጋጋሚ አሃዞች ሁለት ጥያቄ ያቀርባል። (ሊላቫቲ የልጁ ስም ነው የሚል ትውፊት አለ፤ እኔ አባት ስለሆንኩ ይመስለኛል ትውፊቱን እወደዋለሁ።) የመጀመሪያው ከ2፣ 2፣ 1 እና 1 ስንት ቁጥር ይወጣል የሚል ነው። ይሄ እንግዲህ የእኛው ሰበሰበ ነው፤ ስድስት። ሁለተኛው ከ4፣ 8፣ 5፣ 5 እና 5 ነው። እዚህ ሦስት አምስቶች አሉ፤ 120 ለ6 ሲካፈል 20። በ3 ያካፈለ 40 ብሎ ይጋለጣል። ቀላሉን አስቀድሞ የሚያጋልጠውን አስከተለ። ባስካራ በዚህም አልቆመም፤ የወጡት ቁጥሮች ድምርም ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ጥያቄ በእያንዳንዱ ቤት 2 ሦስት ጊዜ፣ 1 ሦስት ጊዜ ይወድቃሉ፤ የእያንዳንዱ ቤት ድምር 9፣ ጠቅላላው 9,999 ይሆናል። ተማሪሽ ስድስቱን ቁጥር ዘርዝሮ ይደምር። አንዷን ቢረሳ ወይም ቢደግም 9,999 አይመጣለትም። ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ እኔ አላውቅም። በእኛው አህጉር ደግሞ በማራኬሽ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1228 ያረፈው ኢብን ሙንዒም የአረብኛ ፊደላት ሲደጋገሙና ሳይደጋገሙ ስንት ቃል እንደሚወጣቸው ቆጥሯል። ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፤ ሒሳብ ሁሉ ከአውሮፓ የመጣ ይመስላቸዋል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም፤ አስቀድመሽ ተዘጋጂበት። አዲስ አበባን ጽፈሽ ስትጠይቂ አንዱ እጁን አውጥቶ «በ እና ባ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ይልሻል። አትቆጪው፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንደ ፊደላችን ከቆጠርን በ እና ባ ይለያያሉ፤ የሚደገመው አ ብቻ ነው። ስድስት ፊደል፣ 720 ለ2፣ 360 አደራደር። በላቲን ስትጽፊው ግን አናባቢው ራሱን ችሎ ስለሚቆምና ዲም ስለሚደገም አሥር ፊደል ይሆናል፦ አራት ኤ፣ ሁለት ዲ፣ ሁለት ቢ፣ አንድ አይ፣ አንድ ኤስ። አደራደሩ 37,800 ይደርሳል። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚወዱት ሚሲሲፒም እንደዚሁ ነው፤ በላቲን 34,650፣ በእኛ ፊደል 12 ብቻ። ከተማዋም ወንዙም አልተለወጡም። ስለዚህ ከመቁጠር በፊት ምኑን «አንድ ዓይነት» እንደምንለው መስማማት አለብን፤ ክፍሉ በዚህ ይከራከር፣ ጊዜሽን አልበላም።

የመጨረሻው እሾህ ከፊል ምርጫ ነው። ከባናና ስድስት ፊደላት ሦስቱን ብቻ ወስደን ብንደረድርስ? ቀመሩን የሸመደደው ወዲያው 6 × 5 × 4ን ለ12 አካፍሎ 10 ይላል። ውሸት ነው፤ እያንዳንዱ ቃል እኩል ጊዜ አልተደገመምና። እዚህ ማካፈል አይሠራም፣ መከፋፈል ነው የሚሠራው። ሦስቱም ኤ ከሆኑ 1። ሁለት ኤ እና አንድ ሌላ ከሆኑ 6። ሁለት ኤን እና አንድ ሌላ 6። ሦስቱም የተለያዩ ከሆኑ 6። ድምሩ 19። ቅደም ተከተሉን ትተን ምርጫውን ብቻ ከቆጠርን፣ ኮምቢኔሽን ማለቴ ነው፣ 1 + 2 + 2 + 1፣ ስድስት ነው።

ለፈተና ደግሞ ተንቀጠቀጠን አውጪላቸው፤ ለደባርቅ ብርድም ይስማማል። ሙሉው አደራደር 180 ነው። ሦስት ሦስት ፊደል እየተወሰደ ሲሆን ግን 42። 120ን ለ4 አካፍሎ 30 ብሎ የመጣ ካለ አትከራከሪው። ወረቀት ስጪና «እስቲ ዘርዝራቸው» በይው። 31ኛውን ሲጽፍ ራሱ ቀና ብሎ ያይሻል።

አባትሽ