ሰኞ ሰኞ የምትሞተው መኪናዬ

እናንተዬ፣ በባትሪ ምክንያት ቤተሰቡን ያፈረሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን ተመልከቱ። ለጥቂት ተረፍኩ እንጂ ነገሩ እዚያው ደርሶ ነበር። ጉዴን ሳልደብቅ ላጫውታችሁ።

መኪናዬ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች፣ እኔ ሳልወለድ መንገድ የጀመረች አሮጊት። «ይኼን ቆርቆሮ ሽጠህ ሌላ ግዛ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። በምን ሒሳብ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱን ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጊት ኮሮላ የያዘ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይይዛታል። እኔም ይዣታለሁ።

የምኖረው ነቀምቴ ነው። መጻፍ ብቻውን እንጀራ ስለማይሆን (ይህቺን አዘጋጁ ባያያት ደስ ይለኛል) ከሰኞ እስከ ዓርብ ደብተርና እስክሪብቶ ጭኜ ወደ ሲሬ፣ ወደ ባኮ፣ አንዳንዴም ወደ አርጆ እየወጣሁ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ዓርብ ማታ መኪናዋን ግቢ አስገባለሁ። ቅዳሜና እሁድ እሷም ታርፋለች፣ እኔም አርፋለሁ። ይህቺን የዕረፍት ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በዕድሜ ያን ያህል ባልበልጠውም «ጋሼ» ነው የሚለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ሳያዘው መኪናዋን ያጥባል። አጥቦ ሲጨርስ ደግሞ ገብቶ ቁጭ ይልና ቴፑን ከፍቶ ዘፈን ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጧት ቁልፉን ሳዞር «ጥክ» አለችና ዝም። ጎረቤት ጠርቼ በግፊ ተነሳች። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ሰኞ ያው «ጥክ»። ጋራዥ ወሰድኳት። «ባትሪው አርጅቷል» አለኝ መካኒኩ፣ ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳይከፍት። የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ብር ቆጥሬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። የመጀመሪያው ሰኞ እያቃሰተች ተነሳች። በሁለተኛው ሰኞ አዲሱም ባትሪ ሞተ!

ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ይኼኛው ሞተሩን አስነስቶ በቴስተር ባትሪው ላይ ለካ፤ 14.1 ቮልት። «ዲናሞህ ጤነኛ ነው፣ በደንብ ይሞላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሞተር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከዚያ ግን ትከሻውን ነቅንቆ «ቤት ውስጥ የሚነካካት ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

መርዙ በዚህች ጥያቄ ነው የገባው። አሰብኩት። ልጁ ቅዳሜና እሁድ ቤት ይውላል። መኪናዋ ሰኞ ትሞታለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ እሱ ትምህርት ቤት ነው፣ መኪናዋም ደህና ናት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ቁልፉን ቀምቼ ትራሴ ስር ማሳደር ጀመርኩ። ሰኞ ያው ሞተች። «ቁልፍ አስቀርጿል» አልኩ በልቤ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ በኋላ የተጠረጣሪው ንጹሕነት ራሱ ሌላ ማስረጃ ይሆንበታል።

ይባስ ብሎ አንድ ቅዳሜ ልጁ ምንጣፉን እያራገፈ «ጋሼ፣ ወንበሩ ስር የሆነ ነገር ይሞቃል» አለኝ። ሰምቼ ምን አልኩ? «እስከሚሞቅ ድረስ ተቀምጠህበት ነዋ!» ዝም አለ። ያን ቀን ጎንበስ ብዬ በእጄ ብነካው ኖሮ ይኼን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ እሁድ ማታ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ሆዷን ያዛት። በዚያ ሰዓት በሰፈራችን ባጃጅ የለም። ወደ መኪናዋ ሮጥኩ። «ጥክ»። ያቺን ድምፅ እስክሞት አልረሳትም። ጎረቤቶች ወጥተው ገፉልን፤ ደግነቱ የነቀምቴ ሰፈር ቁልቁለት አያጣም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተንደቅድቃ ተነሳች። እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ምጥ አይደለም ተባለ፤ ውሃ ጠጪ፣ እረፊ ብለው ሸኙን። ለካ እንዲህም ያለ አለ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስንመለስ ልጁ ጋቢ ለብሶ በር ላይ ቆሟል። «እንዴት ናት?» አለኝ። እኔም በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ድንጋጤ፣ ጎረቤት እየሰማ «እህትህን ልትገድላት ነበር፣ ደስ ይበልህ» አልኩት።

ጧት ቦርሳውም ልጁም አልነበሩም። ጊምቢ አክስቱ ዘንድ እንደሄደ በስልክ ሰማን። ፈተናው ሁለት ወር ነበር የቀረው።

ከዚያ በኋላ ስላለው የቤታችን አየር ብዙ አልልም። ባለቤቴ ምግብ ስታቀርብ የምታነጋግረው ሳህኑን ነበር።

የሚቀጥለው ሰኞ መጣ። ልጁ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጊምቢ ነው ያለው። ቁልፉ ትራሴ ስር ነው። ወጥቼ አዞርኩት። «ጥክ»። እዚያው መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ከጊምቢ በሌሊት መጥቶ፣ ደዴሳን ተሻግሮ፣ ዘፈን ሰምቶ ጎህ ሳይቀድ የሚመለስ ሌባ ሊኖር አይችልም መቼስ!

ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ጠቆመኝ። ምልክት የሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የሚሠሩት። «ኦቦ፣ መኪናዬ ሰኞ ሰኞ ትሞታለች» አልኳቸው። አልሳቁም። «ሰኞ ብቻ?» «አዎ»። «ቅዳሜና እሁድ ትቆማለች?» «አዎ»። «እንግዲያው ሰኞ አይደለም የገደላት፣ መቆሙ ነው» አሉኝ። ልብ በሉ፣ ኮፈን አልተከፈተም፣ ቴስተር አልወጣም። ሁለት ጥያቄ ብቻ!

አሠራራቸውን እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ስለምትችሉ በደንብ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ባትሪውን ሞሉት። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ነው በሉት። ከዚያ ሁሉንም አጠፉ፣ በሮቹን ዘጉ፣ ቁልፉን አወጡ። የነጋቲቩን ኬብል ከባትሪው ፈቱት። በተፈታው ኬብልና በባትሪው ጫፍ መካከል ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ አምፖል አገናኙ። መኪናዋ በእውነት ተኝታ ቢሆን ኖሮ አምፖሏ አትበራም ነበር። በራች! ቀን በቀን፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ሆኖ በራች።

«አየህ፣ የሚጠጣ አለ» አሉኝ።

ከዚያ አምፖሏን አንስተው ቴስተሩን በቦታዋ አስገቡ፤ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ። 0.6 አምፔር አነበበ። (እዚህ ላይ አደራ! ቴስተሩ በመሃል እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ ያቃጥለዋል። ኮምፒውተር ያላቸው አዲስ መኪኖች ደግሞ ከተቆለፉ በኋላም ቶሎ አይተኙም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ።) ጤነኛ መኪና ቆማ የምትጠጣው ከ0.05 አምፔር አይበልጥም፤ ከሰዓቷ በቀር ምንም የሌላት እንደኔዋ ያለችማ ከዚያም በታች።

ሽማግሌው ሒሳቡን ኮፈኑ አቧራ ላይ በጣታቸው ጻፉልኝ። ዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት 60 ሰዓት ነው። 60 በ0.6 ሲባዛ 36። ባትሪዬ 45 አምፔር-ሰዓት ነው። ምን ቀረ? ዘጠኝ! በዘጠኝ ሞተሪኖ አይዞርም። በአዘቦት ሌሊት ግን የሚጠጣው ስምንት ገደማ ነው፤ በማግስቱ ባኮ ደርሼ ስመለስ ዲናሞው ይተካዋል። ሰኞ ብቻ የምትሞትበት ምሥጢር ይኸው ነው። የልጁ ትምህርት ቤት ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ቀጥለው ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። የመብራቱ ተነቀለ፣ ቁጥሩ 0.6። የክላክሱ፣ 0.6። የቴፑ ተነቀለ! እኔ ልቤ ቆመ፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ቢወርድ ኖሮ ልጁን የምወቅስበት አንዲት ጭላንጭል ትቀርልኝ ነበር። (አዎ፣ በዚያች ደቂቃ እንኳ ያንን እመኝ ነበር። እፍረቴን ነው የምነግራችሁ።) ከ0.6 ወደ 0.59 ዝቅ አለ፣ በቃ። ፊውዞቹ ሁሉ አለቁ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲህ በፊውዝ ሳጥኑ የማያልፍ ሽቦ አለ» አሉ። የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፈቱ፤ ውስጡ ያለው ዳዮድ ሲበላሽ ሌሊት ወደ ኋላ ያፈስሳልና። ለውጥ የለም። ከዚያ ፖዘቲቩ ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩና አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ በጣታቸው አነሱ።

«ይህቺ የማን ናት?»

ሽቦዋን ተከተልናት። ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ አለፈች፣ ምንጣፉ ስር ገባች፣ የፊት ወንበሩ ስር ወጣች። እዚያ አቧራ የጠጣ አምፕሊፋየር ተቀምጧል።

የእኔ ነው።

የሠርጌ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ያስገጠምኩት ነው። አጀቡ ነቀምቴን ሲዞር ዘፈኑ እንዲንጫረር ብዬ! «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ብዬ ያጣደፍኩት ልጅ በቁልፉ መስመር በማሳለፍ ፋንታ በቀጥታ ከባትሪው ሳበልኝ። ትልልቆቹ ስፒከሮች ሠርጉ ባለፈ በወሩ ተቃጠሉ፤ አውጥቼ ጣልኳቸው። አምፕሊፋየሩን ረሳሁት። እሱ ግን አልተኛም፤ ማንም በማይሰማው ድምፅ ሌት ተቀን ሲሠራ ከረመ። ከሠርጉ በኋላ ቅዳሜና እሁድም ዘመድ ጥየቃ እንዞር ስለነበር ባትሪው ይሞላ ነበር። ባለቤቴ ከፀነሰች በኋላ ነው መኪናዋ ሰንበትን ማረፍ የጀመረችው።

እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ይሞቃል።

«ማሎ!» አሉ ሽማግሌው የሽቦዋን ልብስ እያሳዩኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ከብረት ጋር ተፋግቶ ሊላጥ ደርሷል። «ፊውዝ እንኳ የላትም። ባትሪህን መጨረሷ ነው ያተረፈህ። ብረት ብትነካ ኖሮ ትነድ ነበር።» ቆርጠው ጣሉልኝ። ቴስተሩ 0.02 አነበበ። ስለ አዲሱ ባትሪዬም አረዱኝ፤ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ተጨምቆ ባዶ እንዲሆን አልተሠራም፣ በተጨመቀ ቁጥር ዕድሜው ይቀንሳል። የተቀበሉኝ ብር ከአንድ የምሳ ሒሳብ ብዙም አይበልጥም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። አምፕሊፋየሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም አወራሁ፤ የወንበሩን ሙቀት ልጁ ነግሮኝ እንደነበርም ጭምር። ያን አታውቅም ነበር። ለረጅም ጊዜ ዕቃውን ስታየው ቆየችና «ይኼን ለእኔ አይደለም መናገር ያለብህ» አለችኝ።

በማግስቱ መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ሾፌሮችን ጠየቅሁ። የወለጋ ሰው በእነዚህ ዓመታት ሳይጠይቅ አይወጣም። ሰላም ነው ሲሉኝ ተነሳሁ። የደዴሳን ቁልቁለት ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ያንን ሙቀት አልፌ ዳገቱን ስወጣ ምን እንደምለው በልቤ አጠናሁ። ጊምቢ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ።

ልጁ አክስቱ ግቢ ውስጥ የተሰጣ ቡና ያገላብጣል። ሲያየኝ አልሸሸም፣ አልመጣምም። አክስቱ እንደ ደንቡ ግባ ብለው ቡና አፈሉ። ሦስተኛው ስኒ ላይ አምፕሊፋየሩን ከፌስታል አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩና «ይኼ ነው የሚሞቀው። የእኔ ነው። ነግረኸኝ ነበር» አልኩት። «በዚያ ሌሊት ያልኩህን ማለት አልነበረብኝም።» ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

ልጁ ዕቃውን አንስቶ ገለባበጠው። መዳፉን ጫነበት።

«አሁን ቀዝቅዟል» አለ።

ያን ቀን አብሮኝ አልተመለሰም። ብለምነው «ቡናውን ላድርቅላት» አለኝ። በሳምንቱ ዓርብ በሚኒባስ መጣ። ፈተናውን እያጠና ነው። ቁልፉ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሏል፣ እስካሁን አልነካውም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ባልዲ ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ጎማዎቹን ብቻ አጥቦ ገባ።