የውሃ እርሾ

እናቴ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው አርሊንግተን የመጣች ዕለት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ዓይኗ ያረፈው ሳሎን ውስጥ በተቀመጠው ባዶ አኳሪየም ላይ ነበር። ባዶ ስል ውሃ አለው፣ ያውም 280 ሊትር። ፊልተሩ ይንፎለፎላል፣ ሂተሩ ቀይ መብራቱን አብርቶ 29 ዲግሪ ላይ ይሠራል፣ ዓሣ ግን የለም። ጎንበስ ብላ ከቱቦዎቹ ኋላ ሳይቀር ፈለገች።

"ልጄ፣ ዓሦቹስ?"

"ገና አልመጡም እማዬ። ሦስት ሳምንት ይቀራቸዋል።"

ገንዳውን አየች፣ እኔን አየች። "ታዲያ ውሃውን ለማን ነው የምታሞቀው?"

ሳቅኩ። ግን ይህን ጥያቄ ከዓመት በፊት ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ሦስት ዓሣ አልገድልም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ ነው። ግድግዳው ሥር ባለ ገንዳ ውስጥ ዲስከሶች ነበሩ። ከጎን ሲያዩት ሰሃን የሚያህል ክብ፣ ወደ እርስዎ ሲዞር ግን ስስ ሆኖ የሚጠፋ ዓሣ ነው። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ሄኬል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ሲመዘግበው ዲስከስ ያለው ለዚሁ ቅርጹ ነው። አይሮጥም። እንደ ሰርግ ቤት ሽማግሌ ዝግ ብሎ ይገባል፣ ዝግ ብሎ ይወጣል። ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም።

ዘመዱን እናውቀዋለን። ሐዋሳ ላይ በሎሚና በዳጣ የምንበላው ቆሮሶና ዲስከስ ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቆሮሶ ቻይ ነው፣ የሰጡትን ውሃ ችሎ ያድራል። ዲስከስ የአማዞን ልጅ ነው። ወንዙ ሞልቶ ጫካው ውስጥ ሲገባ፣ በዛፍ ሥሮችና በወደቁ ቅርንጫፎች መሐል፣ በሞቀና ማዕድኑ ባነሰ ለስላሳ ውሃ ውስጥ የኖረ ነው። የለመደው ውሃ ሲጎድልበት መጀመሪያ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ከዚያ ምግብ ይተዋል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ዓርብ ገንዳ ገዛሁ፣ ቅዳሜ ውሃ ሞላሁ፣ እሑድ ሦስት ዲስከስ ይዤ ገባሁ። የሸጠልኝ ልጅ "ውሃውን አንድ ሌሊት ካሳደርከው ይበቃል" አለኝ፣ እኔም አሳደርኩት። በአራተኛው ቀን ትንሹ ጥግ ይዞ ቆመ። ክንፎቹን አጣብቆ፣ ስንጥቡን እንደሮጠ ሰው ቶሎ ቶሎ እየከፈተ ይዘጋ ነበር። በአሥረኛው ቀን ገንዳው ውስጥ የቀረነው እኔና ውሃው ነን።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? እኔ ጎርጉሬ ሁለት ዘንዶ አወጣሁ።

አንደኛው ከቧንቧ ነው የሚመጣው። የዋሽንግተን አካባቢ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በክሎራሚን ይታከማል። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ነው። ክሎሪን ብቻውን ሲሆን ባልዲ ውስጥ ሲያድር ይተናል፣ ክሎራሚን ግን ቢያድርም አይሄድም። "አሳድረው" የሚለው ምክር ለሌላ ውሃ የተሰጠ ምክር ነበር። መፍትሔው የአንድ ጠርሙስ ጉዳይ ነው፤ ዓሣ ቤት የሚሸጠውን ማርከሻ በልኩ ጠብ ማድረግ። ከዚያም የሰፈርዎ ውሃ በምን እንደሚታከም ማወቅ። እኛ ጋ በየፀደዩ ለጥቂት ሳምንታት ክሎራሚኑን ትተው ወደ ክሎሪን ይመለሳሉ፣ ያኔ የቧንቧው ሽታ ራሱ ይነግርዎታል።

ሁለተኛው ዘንዶ ከዓሣው ከራሱ ነው የሚወጣው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል፤ ዲስከስ የሚፈልገው ሙቅ ውሃ ነው። አሮጌ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ እሱም ገና መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል፣ ይህኛው ውሃ በመቀየር የሚወጣ ቀለል ያለ ነገር ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ለዚህ ነበር ዓሣ በሌለበት ውሃ ውስጥ ከጠርሙስ አሞኒያ እያንጠባጠብኩ ባክቴሪያ የምቀልበው።

ይህንን ሁሉ ለእናቴ ባልጨረስኩት እንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ እያስረዳሁ ሳለ አቋረጠችኝ።

"እርሾ ነዋ!"

"ምን?"

"ውሃህ እርሾ የለውማ። ሊጥ ያለ እርሾ ስንት ቀን ይፈጃል! ከጎረቤት አትበደርም?"

ደነገጥኩ። ለዓመታት ዲስከስ ያረቡ ሰዎች የሚመክሩት ልክ ይህንን ነው፤ ከቆየና ጤነኛ ከሆነ ገንዳ አንድ ስፖንጅ መበደር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብዙ ዓመት የያዘው አኳሪየም አለው። ልደውልለት ስል እናቴ አንድ ነገር ጨመረች፤ "ቤቱን ታውቀዋለህ? እርሾ ከሁሉ ቤት አይወሰድም።" እሱም ትክክል ነው። ከታመመ ገንዳ የመጣ ስፖንጅ በሽታውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ስፖንጁ እንደረጠበ በፌስታል መጣ። ጭቃ የመሰለ፣ የሚያስቀይም ነገር። እናቴ ግን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የመመርመሪያዋን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ይዛ የምትቆመው እሷ ሆነች። አሞኒያ ካለ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከሌለ ቢጫ። ናይትራይት ካለ ሐምራዊ፣ ከሌለ ሰማያዊ። በዘጠነኛው ቀን "ቢጫ ነው፣ ውሃ የበዛበት ጠጅ መስሏል" አለችኝ። ሌላኛዋም ብልቃጥ ሰማያዊ ነበረች። ሦስቱ ሳምንት ዘጠኝ ቀን ሆነ።

በሁለተኛው ዙር ስድስት ገዛሁ፣ ሁሉንም ከአንድ ቦታ። ሁለት ሦስት ሲሆኑ ጉልበተኛው አንዱን ደካማ ለይቶ ያሳድደዋል፣ ሲበዙ ዱላው ይከፋፈላል። የጣት ጥፍር ከሚያህሉት ይልቅ አሥር ሳንቲሜትር ገደማ የደረሱትን መረጥኩ። አሸዋ አላነጠፍኩም፣ የተረፈ ምግብ ወዲያው እንዲታየኝ። በአንድ ትልቅ ሂተር ፋንታ ሁለት ትንንሽ አደረግኩ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይይዛል፣ አንዱ አልጠፋ ቢል ደግሞ ብቻውን ገንዳውን ቶሎ አያፈላም።

እናቴን ሁለት ነገር ገርሟታል። አንደኛው ዲስከስ ልጆቹን የሚያሳድግበት መንገድ ነው። ጫጩቶቹ ከእናትና ከአባታቸው ቆዳ ላይ የሚወጣውን ልጋግ እየበሉ ነው የመጀመሪያ ሳምንታቸውን የሚያሳልፉት። ቪዲዮውን ሳሳያት "አባትየውም ያጠባል?" ብላ ደጋግማ አየችው። ሁለተኛው ግን አስቆጥቷታል። በሳምንት ሁለቴ የገንዳውን ግማሽ፣ 140 ሊትር ውሃ፣ አውጥቼ እደፋለሁ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የምትጠብቅ፣ ጄሪካን ደርድራ ሌሊት የምትነሳ ሴት ቱቦው ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ቆማ አየችና "ኧረ ግፍ ነው!" አለች።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። እሷ ግን ቱቦውን ከእጄ ወስዳ በመስኮት ወደ ጓሮ አወጣችው። ያንን ውሃ ለመጣል ያበቃን ናይትሬት ለተክል ምግብ ነው። በዚያ በጋ ያበቀለችው ጎመን ቅጠሉ መጥረጊያ ያህል ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ከእሱ በልቷል።

አሁን አገር ቤት ተመልሳለች። እሑድ እሑድ ስትደውል ጓደኞቼ እንደሚጠይቁት "ዓሦቹ እንዴት ናቸው?" አትለኝም።

"ውሃው ደህና ነው?" ነው የምትለው።