አሮጌ ወንበር፣ አዲስ ልብስ

በቪክቶሪያ ግዛት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ለማጅ ለመንዳት ፈተና ከመቅረቡ በፊት 120 ሰዓት መለማመድ አለበት። ከዚህ ውስጥ 20ው ሰዓት በምሽት ነው። በልምምዱ ጊዜ ሁሉ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ልጄ 16 ዓመት ሞልቷት ቢጫውን የ«ኤል» ምልክት ይዛ ቤት ስትገባ፣ ወዲያው አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ያን ሁሉ ሰዓት ጎን ለጎን ስንቀመጥ በምን ቋንቋ ይሆን የምናወራው?

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ መልስ የምትሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ዓመት ደሴ ካሉት ዘመዶቻችን ጋር በስልክ ስታወራ አያቷን «እማማ፣ እንዴት ነህ?» አለቻት። የአክስቷ ልጆች ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ ልጄ ግን አፈረች። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስትደውል «ሰላም እማማ» ትልና ስልኩን ለእኔ ታቀብላለች። እናቴ ደግሞ ሰማንያ አልፏታል። የልጅ ልጇን በአንድ ሰላምታ ብቻ ማወቅ አይበቃትም።

መኪናችን የ1999 ካምሪ ናት። የተሠራችው እዚሁ በሜልበርን ምዕራብ፣ አልቶና በሚገኘው የቶዮታ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው መኪና ማምረት ያቆመው በ2017፣ ኦክቶበር 3 ቀን ነው። የመኪናዋ ሞተር እስካሁን ጤነኛ ነው። የሾፌሩ ወንበር ግን አርጅቷል። በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ፣ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ስለሚታሽ፣ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። መቀመጫውም ጎድጉዷል። ልጄ አጭር ስለሆነች ስትቀመጥበት ትሰምጥና መንገዱ በደንብ አይታያትም።

ከላይ የሚጠለቅ ዝግጁ ሽፋን መግዛት ይቻል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሽፋን ይንሸራተታል፤ የጎደጎደውንም ስፖንጅ አያድንም። ስለዚህ በአንድ የክረምት ቅዳሜ ወንበሩን አውጥተን ልብሱን ራሳችን ልንቀይር ተስማማን።

በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታን። ልብ በሉ፦ በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ኤርባግ ያለው በወንበሩ ጎን ውስጥ ነው። አደጋ ሲደርስ ስፌቱን ቀዶ ይወጣል፤ ልብሱ በትክክል ካልተሰፋ ሊያግደው ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ወንበር ለባለሙያ መተው ይሻላል። የእኛ ወንበር ኤርባግ የለውም።

ወንበሩ ከወለሉ ጋር የታሰረው በአራት ብሎን ነው። ወደ ኋላ ስንገፋው የፊቶቹ፣ ወደ ፊት ስንስበው የኋላዎቹ ይታያሉ። «14 ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ» አልኳት። አቀበለችኝ። «አሁን ደግሞ ካቻቢቴ።» ቆም አለች።

«አባዬ፣ ካቻቢቴ አማርኛ ነው?»

ካቻቢቴ ብሎን የምንፈታበት ጫፉ ቀጭን መሣሪያ ነው። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማም እንደዚሁ። የኢትዮጵያ ጋራዥ በጣልያንኛ ቃላት የተሞላ ነው። የእኛን ፒንሳ ስላጣነው፣ ከአጥር ማዶ ያሉትን ጣልያናዊ ሽማግሌ እንድትጠይቅ ላክኋት። ስሙን በእንግሊዝኛ ረሳችውና «ፒንሳ» አለቻቸው። ሰውየው ወዲያው አምጥተው ሰጧት፤ ጣልያንኛ የት እንደተማረችም ጠየቋት። «አማርኛ ነው» አለቻቸው። እየሳቀች ተመለሰች።

«ታዲያ የእናንተም አማርኛ የተቀላቀለ ነው ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። እዚያ ዳዶ የሚጠይቅ ሰው ቃሉ ከየት እንደመጣ አይጨነቅም፤ ዳዶውን ገዝቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ልጄ ዝም ብላ ብሎኑን ማዞር ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄዋ በዛ፤ «ይሄስ ምን ይባላል?»

የድሮው ልብስ በወንበሩ አጥንት ላይ የተያዘው በትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች ነው። እነሱን በፒንሳ ቆረጥናቸውና ልብሱን ገፈፍነው። ከዚያ ስፌቱን ተረተርነው። መተርተር ማለት የተሰፋን ነገር ክሩን እየበጠሱ መፍታት ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ከመለየታችን በፊት ቁጥር ጻፍንበት፤ ግራና ቀኙ ከተምታታ አዲሱ ልብስ አይገጥምምና። ቁራጮቹን አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግተን በጠመኔ ዙሪያቸውን አሰመርንና ቆረጥን። ጨርቁ ለመኪና ተብሎ የተሠራ፣ መታሸትን የሚችል ነው። የጎደጎደውን ስፖንጅ በአዲስ ስፖንጅ ሞላነው። ረጃጅሙን ስፌት ባለቤቴ በማሽን ሰፋችው። ጠርዙ ላይ የቀረውን ግን በእጅ መስፋት ነበረብን።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ደሴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ልጄ መርፌ ይዛ ስለነበር ስልኩን ለእኔ ማቀበል አልቻለችም። ወንበሩን አሳየቻት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሞሰብና ሰፌድ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ገና ስታየው ትእዛዝ ጀመረች።

«ክሩን ሰም አስነኪው፣ የኔ እናት። እንዲያ ካልሆነ ይበጠስብሻል።»

«ሰም ምንድን ነው?»

«ንቦች የሚሠሩት ነዋ! ጧፍ የሚሠራበት።»

«እንደ ሻማ?»

«እሱው ነው!»

ሻማ ፈልጋ ክሩን አሸችበት። ትንሽ ሰፍታ ስልኩን አስጠጋችና «እማማ፣ አሁን ታያለህ?» አለች። ወዲያው ራሷ ሰማችውና «ታያለሽ?» ብላ አስተካከለች። እናቴ «አያለሁ፣ አያለሁ፤ አጥብቀሽ ጎትቺ እንጂ!» አለቻት። ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። እኔ ስፖንጅ መቁረጤን ቀጠልኩ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነበር።

ወንበሩን መልሰን አሰርን። አራቱን ብሎኖች በየተራ፣ በደንብ አጠበቅናቸው፤ በግጭት ጊዜ ወንበሩን የሚይዙት እነሱ ናቸው። በግራ በኩል ያለው ስፌት ትንሽ ጠምዘዝ ብሏል። ልጄ ተቀምጣ መሪውን ስትይዝ ግን መንገዱ ሙሉ በሙሉ ይታያታል።

እስካሁን 11 ሰዓት ነድተናል። የምናወራው ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው። እናንተም ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር አንድ የእጅ ሥራ ስትጀምሩ፣ በእጃችሁ የያዛችሁትን ዕቃ ሁሉ ስሙን ጠይቁ። አንዳንዱን እኛም አናውቀውም። ልብሱን ለሚይዙት የሽቦ ቀለበቶች እኔም አማርኛ አላገኘሁላቸውም ነበር። ልጄ «የወንበር ጉትቻ» አለቻቸው። ባለፈው ሳምንት እናቴ ስትደውል የጠየቀችው ስለ እነሱ ነበር፦ «ጉትቻዎቹ ያዙ ወይ?»