ተነሳች ማለት ዳነች ማለት አይደለም

ይህን ታሪክ ለቅርብ ጓደኞቼ እንኳ በቅጡ አጫውቼ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው አንድም ሕሊናዬን ለማቅለል፣ አንድም ያገለገለ ሞተር ጠግኖ መሸጥን እንደ ቀላል እንጀራ ለሚያዩ እኩዮቼ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ብቸና ነው። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ስፈታና ስገጥም ቆይቼ፣ ኑሮው አልሆን ቢለኝ በ2009 ዓ.ም. ሻንጣዬን ሸክፌ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። እስቲ አስቡት... በሃያ አራት ዓመት የእናትን ሌማት መጠበቅ!

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሞተች ቼንሶ ይዘው መጡ። ቼንሶ የምንላት የሞተር መጋዟን ነው። በእኛ አገር ገበሬው ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ አጠናና ግንድ ሸጦ ልጅ ያስተምራል፤ ቤት ይሠራል። ሁለት ሰው በእጅ መጋዝ ላቡን ጠብ አድርጎ የሚቆርጠውን ግንድ ቼንሶ በደቂቃ ትጥለዋለች። ስለዚህ ቼንሶ ሞተች ማለት እንጀራ ተቋረጠ ማለት ነው።

ፈታኋት። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ደርቋል። ምክንያቱ ቤንዚን ብቻ ሞልተውባት ነው። ቼንሶ እንደ መኪና ለብቻው የሞተር ዘይት የሚቀመጥበት ቋት የላትም፤ ፒስተኗ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚደባለቀው ዘይት ነው። ደህና የቱ-ስትሮክ ዘይት ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሲሊንደሩን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ፒስተኑን ከነፋሻው ቀየርኩ፣ ካርብሬተሩን አጠብኩ፣ የካንዴላውን ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ አደረግሁ። ገመዷን ብስብ... እርርር! እናቴ ከማጀት እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያ ወዲያ ጓሯችን ጋራዥ ሆነ። የተበላሹትን በርካሽ እየገዛሁ፣ አድሼ እሸጥ ጀመር። በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጌ ሞጣ ድረስ እመላለሳለሁ። ሞጣ ደግሞ ሌላም ጉዳይ ነበረኝ... አንዲት ልጅ! ሽማግሌ ልልክ ቀን እየቆጠርኩ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ግንድ ቆራጭ ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። «እስቲ ለእኔም አንዷን ፈልግልኝ» አለኝ። እኔም ደስ ሊለው ይገባል ብዬ ጉልበት ያላትን መርጬ አደስኩለት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ፍሬኗ አይሠራም። መለዋወጫው አልተገኘም፣ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ደግሞ ደርሷል። «ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው፤ ፍሬን ምን ያደርግለታል?» አልኩና አስረከብኩት። ስለ ፍሬኗ ትንፍሽ አላልኩም።

ፍሬን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት ጫፉ፣ በተለይ የላይኛው ጥግ፣ ግንድ ከነካ ቼንሶዋ ወደ ቆራጩ ፊት ተወርውራ ትነሳለች። ያኔ ከፊት እጀታው ፊት ያለችው መከለያ በእጅ አንጓ ተገፍታ ሰንሰለቱን ቀጥ ታደርገዋለች። ሰንሰለቱ በሙሉ ጉልበት ሲዞር በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዓይን እስኪጨፈን ያለፈ ነው!

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ግራ ትከሻው...

ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «የፍሬኑን ነገር ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ሰውዬው ነፍሱ ተረፈች፤ እጁ ግን እንደ ልቡ አይነሳም። ይባስ ብሎ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቸኩዬ ነው» እያለ ለጠየቀው ሁሉ ይናገር ነበር። እኔን ሲያይ ደግሞ «ስትመላለስልኝ ደከምክ፤ ወንድም ማለት አንተ ነህ» ይለኛል። ይህን ሰምቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳል? ከወር በኋላ አልቻልኩም። ሄጄ እግሩ ሥር ተቀምጬ «ጋሼ፣ ፍሬኗ እንደማይሠራ አውቅ ነበር» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ሌሎቹንስ? ለሌላ ሰው የሸጥካቸውስ?» አለኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ስምንት ነበሩ። እየዞርኩ አንድ በአንድ አየኋቸው። የሦስቱ ፍሬን አይሠራም። ገንዘባቸውን መለስኩ፤ ያጠራቀምኩት ሁሉ በዚያ አለቀ። ልጅቷ ግን «የዋሸኸኝ ወንድሜ ደሙ እየፈሰሰ ነው» አለችና ቀለበቴን በእናቴ እጅ ላከችልኝ። አልፈርድባትም።

ዛሬም እጠግናለሁ። ገዢ ሲመጣ ግን ሞተሯን ከማስነሳቴ በፊት ፍሬኗን አሳየዋለሁ። መከለያዋ ወደ ፊት ስትገፋ «ቀጭ» ብላ መያዝ አለባት። ከዚያ ሞተሯን አስነስቼ ነዳጅ ለአፍታ ስሰጣት ሰንሰለቱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተንቀሳቀሰ ቼንሶዋ አትሸጥም፤ በቃ። እናንተም ያገለገለ ስትገዙ የሞተሯ ድምፅ አያታልላችሁ። ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ በፊት የተሠሩትማ ጭራሽ ፍሬን አልነበራቸውም፤ «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» ሲሏችሁ ይህንንም አስታውሱ።

ሰውዬውን በየበዓሉ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። በግራ እጁ መጨበጥ ስለማይችል ቡናውን በቀኝ እጁ ያቀብለኛል። እሷ ቤት ካለች ከጓዳ አትወጣም።